ሃያ አንድ ቀን

ሐኪሙ የውብርስትን የጭንቅላት ዕጢ ካወጣ በኋላ፣ በቦታው ሳንቲም የሚያካክሉ ስስ መድኃኒቶች ደርድሮ ሰፋላት። «አይዞዎት አባባ፣ ማውጣት አያስፈልግም። እዚያው ቀስ እያሉ እየሟሙ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ይሠሩላታል» አላቸው ለአባቷ። ከዚያ ወዲህ አባት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም፤ ጠዋት ጠዋት ቀን መቁጠር ብቻ።

በዘጠነኛው ቀን ታናሽ ወንድማቸው ክንዳቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ በቃ ይልቀቁ። ሰዉም ፀሐይ ላይ ቆሟል።»

«ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል እኮ! መድኃኒቱ አሁንም ውስጧ እየሠራ ነው። ምናለ ብትታገሷት?»

አባት የጨበጡትን ገመድ አልለቀቁም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳጥኑን ይዘው የቆሙት የዕድር ሰዎች ቀና ብለው ቄሱን አዩ።