ስሟ ያልተጠቀሰው ሴት

ዶክተር አገኘሁ ሰሊማን በአደባባይ አዋረዳት። እሱ ይህን «የጥናት ውጤት ማቅረብ» ይለዋል።

ነገሩ የተጀመረው በእናቱ ነው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ የሰሊማ የድሮ የዓሣ ደንበኛ ናቸው። የበኩር ልጃቸው ስለ ትዳር ምስጢር ሲያጠና የሚያናግረው ሰው ቢያጣ፣ «ሰሊማ ዘንድ ሂድ፤ የምትነግርህ አላት» አሉት።

ሄደ። ጣና ዳር ካለው ቤቷ ቁጭ ብሎ የጥናት ሥነ ምግባርን እንደ ዳዊት ደገመላት፤ ምስጢሯ ይጠበቃል፣ ድምፅዋን ከእሱ በቀር ማንም አይሰማውም።

«ቅመሱልኝ እንጂ» አለች፣ የተጠበሰ ዓሣ እያቀረበች።

«ይቅርብኝ፤ ገላዬን ያሳክከኛል።»

ስልኩን አስጠግቶ ቀዳት።

ክረምቱ ሲወጣ የሰሊማ ድምፅ ባሕር ዳር መሐል በአንድ አዳራሽ ተንቆረቆረ። «የበኩር ልጄ የባሌ አይደለም። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ዓሣ በቀመሰ ቁጥር ግን ገላውን ሲያክክ የሚያድር።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩም እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ስሟን በርግጥ ደብቋል፤ ጨዋ ሰው ነው። «በዳርቻው የምትኖር የታንኳ ሠሪ ሚስት» ብቻ ነው ያለው። በዚያ ዳርቻ ያለው ታንኳ ሠሪ የሰሊማ ባል መስዑድ ብቻ መሆኑ መቼም የዶክተሩ ጥፋት አይደለም።

መስዑድ ወሬውን ሲሰማ ልብሱን ጠቅልሎ ይፋግ ከተማ ከሚኖረው ወንድሙ ዘንድ ገባ። የበኩር ልጃቸው አብዱልሃኪም፣ ያ ከሚጠብሰው ዓሣ ግማሹን ራሱ የሚጨርሰው፣ እናቱን ሰላም ማለት ተወ። ሰሊማ ዝም አለች። ሰፈሩም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው።

ሰኞ ጠዋት ሻርፗን ጠምጥማ ወጣች። መጀመሪያ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቤት ገባች። ሴትዮዋ ከአዳራሹ ቀን ወዲህ የልጃቸውን ስልክ አያነሱም። ጎረቤት «ስሞታ ይዛ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ዘለቀች።

«ዶክተር፣ መስዑድ ፊት ቆመው ‹ታሪኩ የእሷ አይደለም› ይበሉልኝ። ትዳሬን ያትርፉልኝ።»

«ልዋሽ? እትዬ ሰሊማ፣ ውሸት እኮ ከሥነ ምግባር ውጭ ነው!» አለ ደንግጦ። «ደግሞ ፈቅደው ነው የተናገሩት። ስምዎትን አልጠራሁም።»

«ድምፄንስ?»

«ለሳይንስ ነው። በጥናቱ የተጎዳ ሰው የለም።»

ሰሊማ ብድግ አለች። አንቱታውንም ወንበሩ ላይ ተወችው።

«እኔ እንደ አንተ አይደለሁም፤ አስፈቅጄ ነው የምነግርህ፤ ምስጢር ትችል እንደሆነ በእኔ አፍ የፈተኑህ እናትህ ናቸው፤ ታሪኩም የእሳቸው ነው።»