የደረጃው መብራት

መብራቱ በላዬ ጠፋ። ደግ አደረገ። አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደረቴን በእጄ ይዣለሁ። ካልተነቃነቅሁ አይበራም። ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ መብራት ነው፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል ብለው ያስገቡት። መስኮት የለም። ውጭ ሐይቁ ላይ ፀሐይ እሳት ታዘንባለች፤ እዚህ ግን መቃብር ነው።

መከራዬ የጀመረው ሊፍቱን ሲዘጉት ነው። ፀደንያ የምትባል፣ ለልጅነት የምትበቃኝ የሕንፃው ኃላፊ፣ "አረንጓዴ ሕንፃ እንሆናለን፤ ሠራተኛውም ጤና ያገኛል" አለችና ዘጋችው። በየቀኑ ቀትር ላይም ሁሉም ለስፖርት ከምድር እስከ ጣሪያ በእግሩ እንዲወጣ አዘዘች። ሁዳዴ ነው፣ ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም ቢሏት "ቀስ እያላችሁ ውጡ" አለች። እሷ ምን አለባት።

ልቤ መታመሙን ከእኔና ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም። ጥበቃው ኪዳነ ወልድ እዚሁ ደረጃ ላይ ሲያለከልክ ታየ። ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ቲሸርት አልብሰው፣ አጨብጭበው ከሥራ አሰናበቱት። አሁን ዓባይ ማዶ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ባጃጅ ሲያይ ይውላል። እኔ ኮሌጅ የገቡ ልጆች አሉኝ። ስለዚህ ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ እቀራለሁ፣ እዚህ እደበቃለሁ፣ ሲወርዱ እቀላቀላለሁ።

ዛሬ ግን እንግዶች መጥተዋል። ሕንፃውን አይተው የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ናቸው። "አንድ ሰው እንዳይቀር፤ ምናሴ ከኋላ ሆኖ ይቆጣጠር" ብላለች ፀደንያ።

ምናሴ የንብረት ክፍል አለቃዬ ነው። ግምጃ ቤቱን ከበር እስከ ጓዳ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ያኔ "ጋሼ ሣህሉ" ሲል አፉ አያርፍም ነበር። በተሾመ ማግስት "ጋሼ"ን ጣላት። ይባስ ብሎ በስብሰባ መካከል "ሣህሉ ቁልፍ ይያዝ፤ ቁልፍ ለመያዝ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል" ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ያ ሣቅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ከታች ኮቴ ተሰማ። የአንድ ሰው ነው። ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጎተታል። ከእኔ ሥር ያለው መብራት በራና ግድግዳው ላይ ጥላ ወጣ። አለቀልኝ፣ ተቆጣጣሪው ደረሰብኝ አልሁ። እግሬን ሰበሰብሁ። ልቤ ግን አልሰበሰብ አለኝ፤ ከታች ድረስ የሚሰማ መሰለኝ።

ጥላው ተቀመጠ። ቆይቶ መብራቱ ጠፋ።

አድብቶ ሊይዘኝ ነው? ትንፋሹ እንደ ቀዳዳ ወናፍ ያፏጫል። ፍርሃቱ ሲበዛብኝ "ማነህ?" የሚል ቃል አመለጠኝ።

"ሣህሉ ነህ? አትነቃነቅ፤ መብራቱን ታበራብናለህ።"

ምናሴ ነው።

"መጣህልኝ፤ በል ያዘኝና ውሰደኝ" አልሁት።

"የት ልውሰድህ? እኔ ራሴ መቼ ወጥቼ አውቃለሁ። ከኋላ ሆኜ እቆጣጠራለሁ የምለው ለምን መሰለህ? አንተ ከላይ ስታለከልክ፣ እኔ ከታች ስሰማህ ሰነበትን።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርህብኝም?"

"ባንተ ባሳብቅ እኔን ማን ይሸፍነኛል?" ሊሥቅ ሞከረና ሣቁ ሳል ሆነ። "የደም ግፊት አለብኝ።"

"ክኒን አልሰጡህም?"

"ኪሴ ውስጥ ነው። በውኃ ነው የሚዋጠው፤ ሁዳዴን በክኒን ላፍርሰው? ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ።"

"ለበሽተኛ ይፈቀዳል እኮ። የንስሐ አባትህን አትጠይቅም?"

"ከጠየቅኋቸውማ በሽተኛ ነኝ ማለት ነው።"

አሳዘነኝ ልበል? አላሳዘነኝም። ስንት ዓመት ያመቅሁት ነገር ምላሴ ላይ መጣ። "ቁልፍ ለመያዝ ስንተኛ ክፍል ይበቃል አልህ?" አልሁት።

ምናሴ መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ከታች የመጣው ፉጨቱ ብቻ ነው።

"ምናሴ።"

ፉጨቱ ሳሳ። ከጣሪያው ጭብጨባ ይሰማል። ብጮህ እንግዶቹ ይወርዳሉ፤ እዚህ ምን ትሠራለህ ይሉኛል፤ ቲሸርቷን ያጠልቁልኛል። ዝም ብዬ ብቀመጥስ? ማን ያየኛል? ሲወርዱ ተቀላቅዬ እንደ ሰው እደነግጣለሁ። ይህን ያሰብሁት እኔ ነኝ። ከደረቴ ሕመም የበለጠ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

"ጋሼ" የሚል ድምፅ መጣ ከታች፤ የጥንቱ ድምፅ። "ጋሼ፣ እጄ... አልታዘዝ አለኝ።"

ተነሣሁ። መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወረድሁ። ምናሴ በጎኑ ወድቋል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ አንድ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ሥሩ ተጣጥፏል። ቁጭ ብዬ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁና "ኧረ የሰው ያለህ!" ብዬ ጮኽሁ። ለሁለተኛ ጩኸት ትንፋሽ አልተረፈኝም።

ከላይ በር ተከፈተ። የላይኛው ፎቅ መብራት በራ፤ ከዚያ የሥሩ። የፀደንያ ጫማ ቋ ቋ ይላል፤ ከኋላዋ የእንግዶቹ። የእኛ መብራት ግን፣ ሁለታችንም ስላልተነቃነቅን፣ ድርግም አለ። ምናሴ ጨለማው ውስጥ በደኅና እጁ የለበስሁትን ኮት ጨመደደ።

እጄን ከደረቴ ላይ አነሣሁና ወደ ላይ አውለበለብሁት። በራ። እንዳይጠፋ፣ እስኪደርሱ ድረስ፣ እንደ ዕብድ አውለበልባለሁ።