ያልታየችው ጉጉት

ፋንታዬ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሳች። ጀንበር ስትጠልቅ መጥታ ከግቢው ወይራ ላይ የተቀመጠችው ጉጉት ደግማ ጮኸች። ጉጉት የጮኸችበት ቤት በሽተኛ ካለ ይዛው ትሄዳለች ይባላል፤ ባሏ አሻግሬ ደግሞ ከጥምቀት ወዲህ ከአልጋ አልወረደም።

አሻግሬ የፓርክ ጥበቃውን በጡረታ ከተወ ጀምሮ ከገዛ ግቢው የሚያያቸውን ወፎች በደብተር ይጽፍ ነበር። ሊማሊሞ ገደል ላይ ያየውን አይቆጥርም፤ ድምፁን ብቻ የሰማውንም አይጽፍም። ጎረቤት ቢስቅበትም ቁራውን፣ ዋኔውን፣ የሚስቱን ጫጩቶች የጨረሰውን ጭልፊት ሳይቀር አስገብቷል። ጉጉት ግን የለችበትም። በመጣች ቁጥር እሱ ከቤት ሳይወጣ ፋንታዬ በድንጋይ ታባርራት ነበር።

“ፋንታዬ፣ ምንድን ናት?” አለ ከውስጥ።

“ዋኔ ናት። አርፈህ ተኛ።”

“ታመምኩ እንጂ መች ደነቆርኩ? ያንን ድንጋይ ተይና በሩን ክፈቺልኝ።”

“አንተ ሰው፣ ልትወስድህ መጥታ እኮ ነው!”

“ትውሰደኛ! ታዲያ ሳላያት ልሂድ?”

ፋንታዬ አማተበች። ድንጋዩን ልትወረውር እጇን እንዳነሳች ወይራውን አየች፤ ጉጉቷም ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት። ከደጋው የሚወርደው ነፋስ በሩን ገርበብ አድርጎ መልሶ ዘጋው። ፋንታዬ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ነፋስ እንዳይመልሰውም ድንጋዩን አስደገፈችበት።