የአንድ ሰው ቦታ

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ፋብሪካ ቆዳ ሲያለፉ ኖረው፣ በአንድ ዓመት የሽንት ፊኛ ካንሰር ያዛቸው። ሐኪማቸው ጠርታ ስለ አዲስ መድኃኒት ነገረቻቸው። ከእንቁራሪት የተገኘ፣ ፔፕታይድ የሚባል ጀርም ገዳይ ነው።

«የጀርሙን ሽፋን እንደሚበሳው የካንሰሩንም ይበሳ እንደሆነ እየሞከርን ነው» አለች። «የቀረን ግን የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው። ተመካከሩ።»

ተያይዘው ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ወጡ። ብዙም ሳይነጋገሩ ታላቅየው የታናሹን አፍንጫ በቡጢ መታው። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ደጋግሞ ቀጠቀጠው። ታናሹ አልተከላከለም፤ ደም እየተፋ «እምቢ» ይላል ብቻ። ከንፈሩ ተተረተረ፤ ጥርሱ ወለቀ። የታላቅየውም እጅ ተላልጦ ደማ፤ መምታቱን ግን አልተወም።

ጥበቃዎቹ ጎትተው አነሱት። አንደኛው ጀርባው ላይ ዱላ አሳረፈበት።

«ለመድኃኒት ብለህ የእናትህን ልጅ ትገላለህ?» አለው።

ጫጫታውን ሰምታ ወደ ወጣችው ሐኪም ታላቅየው እያለከለከ ዞረ።

«ዶክተር፣ እሱን ያስገቡልኝ» አላት። «አንተ ግባ ብሎ ነው እምቢ ያለኝ።»