ስድስተኛዋ በርጩማ

የድሮ ዕቃ ሰብሳቢው ከጣሊያን፣ ከሚላኖ የመጡትን ስድስት አንድ ዓይነት ባለ ረጅም እግር የእንጨት በርጩማዎች ሲያሳድድ ፀጉሩ ሸበተ። አምስቱን አገኘ፤ ስድስተኛዋ ግን ጎንደር፣ ቡና ቤታቸውን ከዘጉት ከእማማ በለጡ ሳሎን አልወጣ አለች። የሠራቸው ፋብሪካ ስለተዘጋ ሌላ አትገኝም።

በሄደ ቁጥር በርጩማዋ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ይለምናቸዋል፤ እግራቸው ላይም ወድቋል።

«የባለቤቴ ማስታወሻ ናት፤ እንዴት ብዬ ልስጥህ?» ይሉታል።

እንቅልፍ አጣ፤ እህል አልዋጥልህ አለው።

አንድ ቀን ደወሉለት። «ና ውሰዳት፤ አሳዘንከኝ።»

በነጋታው ከአዲስ አበባ በረረ። እማማ በለጡ ደጅ ጠብቀው ጉንጩን ሳሙት።

«እዚያ ላይ ወጥተህ እግርህ ሲንጠለጠል አንጀቴን ትበላው ነበር፣ ልጄ። አናጢ ጠርቼ እግሯን አሳጠርኩልህ። በል ተቀመጥባት።»

ተቀመጠ። እግሩ መሬት ነካ።