አልነቀል ያለው ቤት

በደቡብ ኢራቅ የሚኖሩበት ረግረግ ደርቆ፣ የተረፈው ውሃም ጨው ሆኖ የመጨረሻዋ ጎሻቸው ስትሞት፣ ዋብሪያና አባቷ ቤታቸውን ይዘው ወደ ባስራ ከተማ ሊሰደዱ ቆረጡ። በእነሱ ዘንድ የሸምበቆ ቤት ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ አብሮ ይሄዳል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከሸምበቆ እስር የተሠሩት ምሰሶዎች ግን አልነቀል አሉ። ዋብሪያ ግርጌያቸውን ብትቆፍር፣ ከሰባት ዓመት በፊት የታጨደው ደረቅ ሸምበቆ ነጭ ሥር አውጥቷል። ሥሩም ደጅ ወዳለው ቦይ ሳይሆን ወደ ቤት ውስጥ፣ አባቷ ወደተቀመጡበት ሰሌን ነው የሄደው።

«ጨው የሌለበት ውሃ ፈልጎ ነው» አሉ አባቷ።

«እንስራው ከደረቀ ሰነበተ፤ እኛን ሊጠጣ ነው? ይልቅ ይነሱ አባዬ፣ ባስራ የሚያደርሰን መኪና ጥሎን ሊሄድ ነው። እንደ ሙሽራ መለመን አማርዎት?»

«ከጠዋት ጀምሮ ልነሳ እየሞከርኩ ነው፣ ልጄ።»

ዋብሪያ ሁለት እጃቸውን ይዛ ሳበች። ቤቱ በሙሉ ወደ እሷ ዘመመ።