አልጋው የሚያስታውሰው

ብረት የተጫነውን ሁሉ ያስታውሳል። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ በማግኔት ማሽን አዳምጠዋለሁ፤ የተሰነጠቀው ይቀልጣል፣ ጤነኛው ደግሞ ለከርሞ ፍተሻ እንዲያመች ትዝታው ታጥቦ ይጠፋል። ሕጉ ነው።

የእትዬ ስኂን የብረት አልጋ ጤነኛ ነው። ግን በሟች ባለቤታቸው በኩል፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ቦታ ጎላ አድርጎ አንሾካሾከ።

«ሁለት ክርን ይመስላል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ድንቁ እዚህ ተንበርክከው ይጸልዩ ነበር?»

«እሱ? ዕድሜ ልኬን ጸልይ እያልኩ የነዘነዝኩት ሰውዬ?»

«እርስዎ ከተኙ በኋላ ይሆናላ።»

እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። «አሁን ልታጥበው ነው?»

«ግዴታዬ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ትንሽ ታገሠኝ» አሉና ተንበርክከው፣ ክርኖቻቸውን እነዚያው ቦታዎች ላይ አኖሩ።

ማሽኑን አጠፋሁና አሜን እስኪሉ ቆሜ ጠበቅኩ።